የማይቆም ቁጥርና የማይጠፋ ምድጃ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ላም የለበትም፤ በረትም የለበትም፤ ስለዚህ የምትመልሱልኝ ቢጠፋችሁ አልቀየምም። ያለበት አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ምድጃ፣ አምስት ደጋግ ሰዎችና አንድ ቁጥር ብቻ የፈለገች ሴት ነው።

ሴትየዋ ምንትዋብ ትባላለች። የምትሠራው በአንዲት ሞቃት የቆላ ከተማ፣ የቡርቃቶን ወንዝ በሚከታተል ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በክረምት አንድ ከባድ ኃላፊነት አለበት፤ ደጋው ላይ የዘነበውን ዝናብ ይዞ፣ ታች ያሉት ቀበሌዎች ጎርፍ ይደርስባቸው እንደሆነና መቼ እንደሚደርስባቸው አስቀድሞ መናገር። ሒሳቡን የሚሠራውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከብዙ ዓመት በፊት የጻፉት አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ አንጋፋ መሐንዲስ ናቸው። ፕሮግራሙ ትክክል ይናገራል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ተናግሮ ሲጨርስ ፀሐይ ገብታ ነበር። የታች ቀበሌ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ሽቅብ የወጡት በጨለማ ነው። ሰው አልሞተም። ከቀናት በኋላ ምንትዋብ ለጥናት ስትወርድ ግን አንዲት ሴት የሻገተ የዘር ማሽላዋን መንገድ ዳር አስጥታ አገኘች። ሴትየዋ አልተቆጣችም።

«ቀን ብትነግሩን ምን ነበረበት?» ብቻ አለች።

 ምንትዋብ መልስ ሲጠፋት ሥራ የምትጀምር ሰው ናትና፣ ተመልሳ ሌላ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረች። ያው መልስ ይሰጣል፤ ቶሎ ይሰጣል ብላም ታምናለች። ማመን ግን መለካት አይደለም። ዳይሬክተሩ የሁለቱ ፕሮግራሞች ቁጥር ጎን ለጎን ይቅረብልኝ፣ ፈጥኖ የተገኘው ይህን ክረምት ይሠራል ብለዋል። ስብሰባው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደጋው ላይ ደመናው ከወዲሁ ጠቁሯል።

የአቶ ልሳነወርቅ ቁጥር ተለክቶ ተቀምጧል፤ ለአንዲት ገባር ወንዝ ስምንት ደቂቃ ግድም። የለኩት ቅዳሜ ነው፤ ሰው በሌለበት ቀን ብቻቸውን መሥራት ስለሚወዱ። ማጭበርበር አይደለም፣ ልማዳቸው ነው። የምንትዋብ ፕሮግራም ግን ያለቀው ገና ትናንት ነው፤ ስለዚህ የሚለካው በሥራ ቀን፣ ሰርቨር የሚሉት አንዱ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በተቀመጠበት ሰዓት ሆነ።

ጠዋት ለሙከራ የዚያችኑ ገባር ወንዝ ሒሳብ ሰጥታ አስኬደችው። ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ደስ አላት። እንደገና አስኬደችው። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ደስታዋን መለሰች። ለሦስተኛ ጊዜ አስኬደችው፤ ሰባት ተኩል አለ። ሒሳቡ ያው፣ ዝናቡ ያው፣ ኮምፒውተሩ ያው፤ ቁጥሩ ግን እንደ ሕፃን ይቅበጠበጣል።

«ትልቅም ሁን፣ ትንሽም ሁን» አለችው ስክሪኑን። «ብቻ አንድ ቦታ ቁም።»

ቁጥሩ አልቆም አለ።

የፕሮሰሰሩን ፍጥነት አየች፤ ሒሳቡን የሚያሰላው እሱ ነው። አንዴ ይጋልባል፣ አንዴ ያዘግማል፣ አንዴ የሚሄድበትን የረሳ ይመስላል። ፕሮሰሰር አፍ የለውም እንጂ ቢኖረው «እኔ ምን ላድርግ፣ ሰይፉ ልጓም አግብቶብኛል» ይል ነበር። ምንትዋብም ፕሮግራሟን ራሱ እየሮጠ፣ ጥቂት እያረፈ፣ እንደገና እንዲሮጥ አዘዘችው። እስክመለስ ይረጋጋ ይሆናል ብላ ነው። ከዚያ ወደ ሰይፉ ሄደች።

ሰይፉ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ወጣት ነው። በሩ ላይ «አንኳኩ» የሚል ወረቀት ለጥፏል፤ የሚያንኳኳ የለም።

«ሰይፍሽ፣ ቁጥሩ አልቆም አለኝ፤ ፕሮሰሰሩ ባንድ ፍጥነት አልሮጥ አለ።»

«አይሮጥማ፤ የኃይል ቁጠባ ላይ አድርጌዋለሁ። ሥራ ሲበዛ ይነቃል፣ ሲያንስ ያንቀላፋል። ልክ እንደኔ።»

«አንተ የመጀመሪያውን ተወው፣ ሁለተኛው ነው የሚገልጽህ። ለአንድ ሰዓት ቁጠባውን አንሳልኝ።»

«ላንቺ ኩላሊቴን እሰጣለሁ፤ ይሄን ግን አልሰጥም።» ፊቱ ከቀልድ ወጣ። «አምና አንስቼው ነበር። ማቀዝቀዣው ኤሲ ዝግ ነው፤ ክፍሉ እንደምታውቂው ነው። ፕሮሰሰሩ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ጋለ፣ ጋለ፣ ራሱን አጠፋ። የስንቱ ጣቢያ መረጃ አብሮት ሄደ! እስከ ዛሬ በየስብሰባው ስሜ የሚነሳው በሱ ነው። ኤሲው ይከፈትና ክፍሉ ይቀዝቅዝ፤ ያን ጊዜ ቁጠባውን በዚች ጣቴ አነሳዋለሁ።»

እውነቱን ነው። ምንትዋብም እውነቱን መሆኑን ታውቃለች፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ቁጥሩ አልቆም አለ፤ ፕሮሰሰሩ ባንድ ፍጥነት አልሮጥ አለ፤ ሰይፉ ቁጠባውን አላነሳ አለ። እሷም የመሥሪያ ቤቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወደሆኑት ወደ ጋሽ ደበላ ሄደች።

ጋሽ ደበላ የመብራት ሳጥኑ ሥር፣ ጥላ ውስጥ፣ ወንበራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ከሳጥኑ አይርቁም። እሳቸው ሲርቁ ሳጥኑ ይከፋዋል ይላሉ።

«ጋሽ ደበላ፣ ቁጥሩ አልቆም አለኝ፤ ፕሮሰሰሩ ባንድ ፍጥነት አልሮጥ አለ፤ ሰይፉ ቁጠባውን አላነሳ አለ። የሰርቨር ክፍሉን ኤሲ ይክፈቱልኝ።»

«የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አልገቡኝም» አሉ ጋሽ ደበላ። «የመጨረሻውን ግን ሰምቼዋለሁ። አይሆንም።»

«ለምን?»

«ኤሲውና የክበቡ ምድጃ አንድ መስመር ላይ ናቸው። ምድጃው ብቻውን ሲሆን ጨዋ ነው። ኤሲውም ብቻውን ሲሆን ጨዋ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረግሻቸው ግን ብሬከሩ ይወርዳል፤ ሕንፃው በሙሉ ይጨልማል። አግብተሽ ቢሆን ይገባሽ ነበር።»

«መስመሩን ለሁለት መለየት አይቻልም?»

«ይቻላል፤ ሽቦ ጠይቄያለሁ። የጠየቅኩ ጊዜ ይሄ ጢሜ ጥቁር ነበር።» ጢማቸውን ዳሰሱ፤ አንድም ጥቁር የለበትም። «ምድጃው ይጥፋ ልጄ፤ ያኔ ኤሲውን እኔው ከፍቼ፣ እኔው ሥሩ ቆሜ እናፈስበታለሁ።»

እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ቁጥሩ አልቆም አለ፤ ፕሮሰሰሩ ባንድ ፍጥነት አልሮጥ አለ፤ ሰይፉ ቁጠባውን አላነሳ አለ፤ ጋሽ ደበላ ኤሲውን አልከፍት አሉ። ምንትዋብም ወደ ክበቡ ወጥ ቤት ሄደች። ሰዓቱ ከምሳ እያለፈ ነው፤ ክበቡ ውስጥ የቀረው የወንበር መንኳኳት ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ ምድጃው ፊት ቆመው የድስት ክዳን ያነሳሉ፣ ይከድናሉ። ምድጃው ትልቅ ነው፤ ሲበራ ግድግዳውን ሁሉ የሚያምስ እስኪመስል ያጉረመርማል።

«ነይ፣ ነይ፣ በልተሻል?»

«በኋላ እበላለሁ። እትዬ አስካለ፣ ቁጥሩ አልቆም አለኝ፤ ፕሮሰሰሩ ባንድ ፍጥነት አልሮጥ አለ፤ ሰይፉ ቁጠባውን አላነሳ አለ፤ ጋሽ ደበላ ኤሲውን አልከፍት አሉ። ምድጃውን ቢያጠፉልኝ...»

«ሳትበይ ነው እንዲህ የምትለፈልፊው? ያዞርሻል እኮ!»

«አላዞረኝም። ሰው ሁሉ በልቶ የለ እንዴ?»

«በልቷል። ዘበኛው በልቷል። ዳይሬክተሩም ጨው በዝቷል እያለ ሁለት ጊዜ በልቷል። የመረጃ ክፍል ልጆች ግን አልበሉም።»

«ታዲያ ያስቀምጡላቸውና...»

«የቀዘቀዘ ወጥ?» እትዬ አስካለ ክዳኑን ወደ ላይ አንስተው ያዙት። «ከጠዋት ጀምረው ስልክ ጆሯቸው ላይ ሲጮህ ለዋሉ ልጆች? እኔ በዚህ ምድጃ ላይ ቆሜ ሰው የቀዘቀዘ በልቶ አያውቅም። እነ ዘሐራ መጥተው ይብሉ። ያን ጊዜ ምድጃውን ከግድግዳው ነቅለሽ ብትወስጂውም ግድ የለኝም።»

እሳቸውንስ ምን ትላላችሁ? እውነታቸውን ነው። ቁጥሩ አልቆም አለ፤ ፕሮሰሰሩ ባንድ ፍጥነት አልሮጥ አለ፤ ሰይፉ ቁጠባውን አላነሳ አለ፤ ጋሽ ደበላ ኤሲውን አልከፍት አሉ፤ እትዬ አስካለ ምድጃውን አላጠፋ አሉ። ምንትዋብም ወደ መረጃ ክፍል ሄደች። አሁን መሄዷ ወደ ሩጫ ተጠግቷል።

መረጃ ክፍል ውስጥ አራት ሴቶች አሉ። ደጋ ላይ ዝናብ የሚለኩ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ይደውሉላቸዋል፤ እነሱም የተነገራቸውን ኮምፒውተር ላይ ያስገባሉ። አለቃቸው ዘሐራ ናት። ሦስቱ ሥራቸውን ጨርሰው፣ ቦርሳቸውን ይዘው፣ በሩ ሥር ተደርድረዋል። ዘሐራ ብቻ ስክሪኗ ላይ አፍጥጣለች።

«ዘሐራ፣ በአላህ፣ እባክሽ ምሳ ብዪ!» አለች ምንትዋብ።

«ሰላምታ እንደዚህ ሆነ?»

«ቁጥሩ አልቆም አለኝ፤ ፕሮሰሰሩ ባንድ ፍጥነት አልሮጥ አለ፤ ሰይፉ ቁጠባውን አላነሳ አለ፤ ጋሽ ደበላ ኤሲውን አልከፍት አሉ፤ እትዬ አስካለ ምድጃውን አላጠፋ አሉ። ሁሉም አንቺ እስክትበዪ ነው።»

«እኔ እስክበላ?» ዘሐራ ወደ በሩ አመለከተች። «እነዚህም እኔን ነው የሚጠብቁት። ሂዱ ብያለሁ፣ አይሄዱም።»

«አንቺን ትተን ትሪ ልናስቀርብ?» አለች ከበሩ ሥር አንዷ። «ምን የሚሉ ሰዎች ነን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የመረጃ ክፍል ሴቶች የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው። መቼ እንደተጀመረ የሚያስታውስ የለም። አንዷ ከቀረች ትሪው አይቀርብም፤ አንዷ ከዘገየች ሦስቱ ይራባሉ። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ መመሪያ የለም፤ ከመመሪያዎቹ ሁሉ በላይ የሚከበረው ግን እሱ ነው።

«ታዲያ ተነሺ!»

«እንዴት ብዬ ልነሳ?» ዘሐራ ስክሪኑን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «ሃንግ አድርጓል። የደጋው የጠዋት ዝናብ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ ሴቭ አልሆነም። ትቼው ብነሳና ቢጠፋ፣ ለየጣቢያው እንደገና ልደውል ነው። ገሚሶቹ ደግሞ ከጠዋት በኋላ ስልካቸው አይሠራም። ይህ ቁጥር ከሌለ፣ ያንቺም ፕሮግራም፣ የጋሽ ልሳነወርቅም ፕሮግራም ምኑን ያሰላል? ስክሪኑ ይልቀቀኝ፤ ወዲያው እነሳለሁ።»

«ለምንድነው የማይለቀው?»

«ሰርቨሩ ቀስ ብሏል። ሰይፉን ብንጠይቀው ፕሮሰሰሩ ባንድ ፍጥነት አይሮጥም አለን።»

ምንትዋብ ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቁጥሩ አልቆም አለ፤ ፕሮሰሰሩ ባንድ ፍጥነት አልሮጥ አለ፤ ሰይፉ ቁጠባውን አላነሳ አለ፤ ጋሽ ደበላ ኤሲውን አልከፍት አሉ፤ እትዬ አስካለ ምድጃውን አላጠፋ አሉ፤ ዘሐራ ለምሳ አልነሳ አለች፤ ስክሪኑ አልለቅ አለ፤ ስክሪኑ አልለቅ ያለው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ባንድ ፍጥነት አልሮጥ ስላለ ነው። ዞራ ዞራ የተነሳችበት ደረሰች። መቆም ያለበት አይቆምም፤ መሄድ ያለበት ቆሟል። ከሁሉ የሚከፋው፣ የምትቆጣው ሰው አለመኖሩ ነው። ሁሉም እሺ ብለዋታል። ሁሉም የሚጠብቁት ሌላው እስኪጀምር ነው።

ሳቀች። ዘሐራ ቅር አላት።

«የኛ መራብ ነው የሚያስቅሽ?»

«አይደለም፣ አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ቆሞ ነው የቀረው?»

«ቆሞ ቢቀር እኮ ተስፋ እቆርጥ ነበር። ይሄ የሚያሾፍ ነገር ነው። ይለቅና ትንሽ ያስገባኛል፣ ሴቭ ላድርግ ስል ይይዘኛል። ረጅም ይይዛል፣ አጭር ይለቃል። ረጅም ይይዛል፣ አጭር ይለቃል። ተመልከቺ... አሁን ሊለቅ ነው... ይኸው ለቀቀ! አየሽ? አሁን ደግሞ ይይዘኛል... ያዘኝ።»

ምንትዋብ መሳቋን ተወች። ረጅም ይሮጣል፣ አጭር ያርፋል፣ እንደገና ይሮጣል። ይህን አካሄድ የምታውቀው ሰው ብትኖር እሷ ናት፤ ጠዋት ከወንበሯ ስትነሳ ያዘዘችው ራሷ ነበረችና።

«ዘሐራ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

«የያዝኩሽ እኔ ነኝ። ፕሮግራሜን እየሮጠ፣ እያረፈ እንዲሮጥ ትቼው ነው የወጣሁት። እሱ ሲሮጥ ሰርቨሩን ሁሉ ይይዘዋል፤ ሲያርፍ አንቺን ይለቅሻል።»

 በሩ ሥር ከቆሙት ከሦስቱ አንዷ «ለእትዬ አስካለ እንነግርብሻለን» አለች። ከዚህ የባሰ ዛቻ በዚያ መሥሪያ ቤት አልተፈጠረም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ምንትዋብ ፕሮግራሙን ብታቆመው፣ ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመው ቁጥር ሁሉ፣ የሚዋዥቀውም ቢሆን፣ ይቋረጣል። ዘጠኝ ሰዓት እየቀረበ ነው። ስክሪኑ ቢለቅም ምሳው ሊዘገይ፣ ኤሲው ሊያስቸግር፣ ሰይፉ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፤ ያን ጊዜ ስብሰባው ላይ ባዶ እጇን ነው የምትገባው። ይዛው ብትቆይ ግን ቢያንስ ከመጥፎ ቁጥሮች መካከል ደህናውን መርጣ ታቀርባለች። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል፤ ሲያደርጉት አይታለች።  ምንትዋብ ግን ወደ ቢሮዋ ሮጠችና ፕሮግራሙን አቆመችው።

ፕሮግራሙ ሲቆም ስክሪኑ ለቀቀ። ስክሪኑ ሲለቅ ዘሐራ የደጋውን ዝናብ ሴቭ አደረገች። ዘሐራ ሴቭ ስታደርግ አራቱም ለምሳ ተነሱ። አራቱ ሲነሱ ትሪው ቀረበ።

እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ተንጓተተ። ምክንያቱም እትዬ አስካለ ናቸው።

«እትዬ አስካለ፣ ምድጃው!» አለች ምንትዋብ ከወጥ ቤቱ በር።

«ቆዪ፣ አልጠገቡም።»

«ጠግበናል!» አለች ዘሐራ አፏ ሙሉ ሆኖ።

«አፍሽ ነው ጠገብኩ የሚለው። ትንሽ ልጨምር። አንቺም ነይ፣ ተጠጊ፣ ያስራብሻቸው አንቺ ነሽ አሉ።» ወሬው ከወጡ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ምንትዋብም ተጠጋች፤ ዘሐራ በእጇ አጎረሰቻት፤ ጉርሻውም የይቅርታ ይሁን የቅጣት ለመለየት በሚያስቸግር መጠን ትልቅ ነበር።

ትሪው ባዶ ሲሆን እትዬ አስካለ ምድጃውን አጠፉ። ምድጃው ሲጠፋ ጋሽ ደበላ ኤሲውን ከፈቱ፤ እንዳሉትም ሥሩ ቆመው ኮታቸውን ከፍተው ተናፈሱበት። ኤሲው ሲከፈት ክፍሉ ቀዘቀዘ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ሰይፉ ቁጠባውን በዚያች ጣቱ አነሳ። ቁጠባው ሲነሳ ፕሮሰሰሩ ባንድ ፍጥነት መሮጥ ጀመረ።

«በይ አስኪጂው» አለ ሰይፉ። «ጋሽ ደበላ ሲበርዳቸው ይዘጉታል።»

ምንትዋብ ለመጫን ጣቷን አነሳችና ገታችው።

የአቶ ልሳነወርቅ ቁጥር የተለካው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ሰርቨሩ ባዶ ነበር፤ ቁጠባው ግን እንደበራ ነበር። እሷ አሁን ያለ ቁጠባ የራሷን ብቻ ብትለካ፣ ያሸነፈው ፕሮግራሟ ይሁን የቁጠባው መነሳት ማን ይለየዋል? ጠዋት ሚዛኑ የተዛባው በሷ ላይ ነበር፤ አሁን ደግሞ ለሷ ሊያደላ ነው። ተነስታ ኮሪደሩን አቋርጣ የአቶ ልሳነወርቅን በር አንኳኳች።

«ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ይምጡ፤ የርስዎም ፕሮግራም አብሮ ይለካ።»

«የኔ ተለክቷል እኮ።»

«ቁጠባው በርቶ ነው የተለካው። አሁን ጠፍቷል። የኔን ብቻ ብለካ፣ የርስዎን እግር አስሬ መሽቀዳደም ነው የሚሆንብኝ።»

አቶ ልሳነወርቅ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ብትተዪው ማንም አያውቅም ነበር።»

«ሰይፉ ያውቃል። ሰይፉ ካወቀ ደግሞ እትዬ አስካለ ያውቃሉ።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉና ተነሱ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰይፉ በየሰዓቱ የሚነሳውን የቫይረስ ፍተሻና ራሱን የሚያድሰውን ሁሉ አጠፋ። «ለሁለታችሁም እኩል ነው ያጠፋሁት፤ በኋላ እንዳትነጫነጩብኝ» አለ። አቶ ልሳነወርቅ የየፕሮግራሙ የመጀመሪያ ሩጫ እንዳይቆጠር አሉ። ያን ጊዜ ዲስኩ ገና መረጃውን እያወጣ ስለሆነ፣ ቀድሞ የሮጠ ይጎዳል። ምንትዋብ አንዴ የርስዎ፣ አንዴ የኔ እያልን እያፈራረቅን እናስኪድ አለች፤ ኤሲው መሐል ላይ ቢጠፋ ጉዳቱ ለሁለቱም እንዲደርስ። ከዚያ ጠበቁ።

የእሳቸው ስድስት ደቂቃ ፈጀ፤ የሷ አራት። ደግሞ የእሳቸው ስድስት፤ የሷ አራት።

በግማሽ እቀድማለሁ ብላ ነበር የምታስበው። በግማሽ አይደለም፤ በሲሶ ነው። የእሳቸውም ፕሮግራም ቅዳሜ ከተለካው ይልቅ ፈጣን ሆኖ ተገኘ። ለአንዲት ገባር ወንዝ ግን ሁለት ደቂቃ ያተረፈ፣ ለቡርቃቶ በሙሉ ሲሰላ ሰዓታት ያተርፋል።

«እንደገና» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

ስድስት። አራት።

«አሁን ያንቺ ይቅደም።»

አራት። ስድስት።

«ሰይፉ፣ ቁጠባህን መልሰው። ክረምቱን ሙሉ ምድጃ የሚያጠፋልን የለም፤ ሥራው ላይ ሲሆን የሚሮጠው በቁጠባ ነው።»

ሰይፉ መለሰው። ሁለቱም ዘገዩ። የእሳቸው ልክ እንደ ቅዳሜው ስምንት ግድም ሆነ፤ የሷ አምስት አለፍ አለ። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት፤ ስክሪኑንም እንደገና አዩት።  ያ ፕሮግራም ሲጻፍ ምንትዋብ ትምህርት ቤት ነበረች። ለብዙ ክረምት ያን ወንዝ የጠበቀው እሱ ነው።

«ጋሽ ልሳነወርቅ...»

«ምንም አትበዪ። ሳነቃንቀው አልነቃነቅ አለኝ» አሉ ቁጥሩን እያመለከቱ። «እሱ ካልተነቃነቀ እኔ ልነቃነቅ እንጂ።» ተነስተው ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ።

«ወዴት ነው?»

«ስብሰባ ነዋ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አንቺ ፈጠንኩ ብትዪ ዳይሬክተሩ ይጠራጠርሻል፤ እኔ ዘገየሁ ብል ግን ማን ይጠራጠረኛል? ኑ እንጂ፣ ሰይፉም ና፤ ደግሞ ሲጠይቁን ቁጠባ ምን እንደሆነ አስረዳቸው፤ እኔ ዛሬ ነው የገባኝ።»

እንግዲህ ምንትዋብ ፕሮግራሟን አቆመች፤ ስክሪኑ ለቀቀ፤ ዘሐራ ለምሳ ተነሳች፤ እትዬ አስካለ ምድጃውን አጠፉ፤ ጋሽ ደበላ ኤሲውን ከፈቱ፤ ሰይፉ ቁጠባውን አነሳ፤ ፕሮሰሰሩ ባንድ ፍጥነት ሮጠ፤ ቁጥሩም ቆመ።

በዚያ ክረምት ቡርቃቶ ሁለት ጊዜ ሞላ። ሁለቱንም ጊዜ ማስጠንቀቂያው የደረሰው ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ነው። የታች ቀበሌ ሰዎች እህላቸውን በአህያ ጭነው፣ ልጆቻቸውን እጃቸውን ይዘው፣ ሽቅብ ወጡ። መንገዱን በሙሉ ሲነጫነጩ ነበር፤ ገና ቀን ነው፣ ውኃው የት አለና ነው፣ እነዚህ የቢሮ ሰዎች ምን ያጣድፋቸዋል እያሉ።

የኔ ተረት ይኸው ነው። ዳቦውን ለኔ ሳይሆን ለነሱ ስጡልኝ፤ ምሳቸውን ሳይበሉ ነው የወጡት።